የልጅ ሁለተኛ ስም ባዶ ቦታ አይደለም

ሰሞኑን ስለ ልጅ ስም አወጣጥ የተጻፈ አንድ ጽሑፍ እዚህ ድሬ ከስልክ ስልክ ሲዞር ከርሟል። ለእኔ የላከችልኝ የድሮ ተማሪዬ ናት፤ አሁን እርጉዝ ናት። «ቲቸር፣ አንብቢውና ምን እንደምትይ ንገሪኝ» አለችኝ። አነበብኩት። ጸሐፊው ለወላጆች አስቦ እንደጻፈው ይገባኛል። ግን ምክሩ እንዳለ ከተወሰደ ዳፋው የሚተርፈው ለልጁ ነው፤ እኔ ደግሞ በየመስከረሙ የስም ዝርዝር ይዤ የምቆመው ልጆቹ ፊት ስለሆነ ዝም ማለት አልቻልኩም።

ላላነበባችሁት፣ ነገሩ ባጭሩ ይሄ ነው። ለልጃችሁ እንደ ፈረንጅ የመጀመሪያና መካከለኛ ስም ስጡ ይላል። ስሙ አጭርና ለውጭ ሰው አፍ የሚቀል ይሁን። ስም ማውጣት የባልና የሚስት ጉዳይ ስለሆነ አያቶች አይግቡበት። እንደ ምትኩ፣ ካሳና ማስረሻ ያለ ሐዘን የተሸከመ ስም ይቅር። ብሔርና ሃይማኖት የማያሳብቅ ስም ምረጡ። ምርጫውንም ከመውለዳችሁ በፊት ጨርሱ። በቃ፣ ጽሑፉ ይሄው ነው።

ከመካከለኛው ስም ልጀምር፤ ጣጣው ብዙ ነው።

ወንድሜ፣ እኛ አገር ፎርም ላይ ያሉት ቦታዎች ሦስት ናቸው። ስም፣ የአባት ስም፣ የአያት ስም። የልደት ምስክር ወረቀቱም፣ የትምህርት ቤት መዝገቡም፣ ፓስፖርቱም የሚጠይቀው እነዚህኑ ነው። ታዲያ «ኤልዳና ማርያማዊት» ብለህ ያወጣኸው ስም የት ይገባል? ወይ ሁለቱም አንደኛው ቦታ ላይ ተጨናንቀው ይጻፋሉ። ወይ ሁለተኛው ተትቶ ይቀራል። ክፉው ደግሞ ሁለተኛው ስም የአባትን ቦታ ሲይዝ ነው።

ይሄ እኔ ክፍል በነበረች አንዲት ልጅ ላይ ደርሷል። ወላጆቿ ሁለት ስም አውጥተውላታል። ትምህርት ቤት ስትገባ የመዘገባት ሰው ሦስት ቃል ጻፈና አቆመ፤ አንደኛ ስሟን፣ ሁለተኛ ስሟን፣ ከዚያ የአባቷን። ወረቀቱ ላይ የራሷ ሁለተኛ ስም አባቷ ሆነ፣ አባቷ አያቷ ሆነ፣ አያቷ ጭራሽ ጠፉ። ሁለተኛው ስሟ የሴት ስም ነበርና ስም በጠራሁ ቁጥር ከኋላ ወንበር «አባትሽ ሴት ነው እንዴ?» የሚል አይጠፋም። ልጅቷ አንገቷን ደፍታ «አቤት» ትል ነበር፤ ድምጿ አይሰማም። ያንን ካየሁ በኋላ ሙሉ ስሟን መጥራት ተውኩ። የስምንተኛ ክፍል ፈተና ሲቃረብ አባቷ የልደት ምስክር ወረቀቷንና የትምህርት ቤት ካርዷን በፌስታል ይዞ ከቀበሌ ትምህርት ቤት ሲመላለስ ከረመ። አይስተካከልም አልልም፣ ይስተካከላል። ግን ማመልከቻ አለው፣ ምስክር አለው፣ «ሲስተም የለም፣ ነገ ተመለስ» አለው፤ ያ ሰው ደግሞ ባጃጅ ነጂ ነው፣ በቆመባት ሰዓት ሁሉ የዕለት ገቢው ይቀርበታል።

ሕጉ ይከለክላል እያልኩ አይደለም። የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ አንድ ሰው ከአንድ በላይ የግል ስም ሊኖረው እንደሚችል ይናገራል። እንዲያውም ከዚያ በላይ አስቦ ነበር። አርቃቂው ፈረንሳዊው የሕግ ሊቅ ሬኔ ዳቪድ ነበሩ፤ ሕጉም ሰው ሁሉ ከግል ስሙና ከአባቱ ስም ሌላ ከትውልድ ትውልድ ሳይለወጥ የሚወርድ የቤተሰብ መጠሪያ እንዲኖረው ደነገገ። ከዚያ ወዲህ ከስድሳ ዓመት በላይ አለፈ። የቤተሰብ መጠሪያው የት አለ? ወረቀት ላይ ቀረ። ልጅ በአባቱ ስም መጠራቱን ቀጠለ፣ ሴቷም አግብታ በአባቷ ስም መጠራቷን ቀጠለች። ሕዝቡ ሕግ ወጥቶለት እንኳ ያልተቀበለውን ነገር ፎርሙ ሳይቀየር እያንዳንዱ ወላጅ ለብቻው ልጁ ላይ ይሞክረው ማለት ለልጁ አለማሰብ ነው።

ፈረንጆቹ መካከለኛ ስም ለምን እንዳስፈለጋቸውም ጽሑፉ አልነገረንም። የእነሱ የመጨረሻ ስም የቤተሰቡ ነው፣ አይለወጥም። ስለዚህ ብዙዎቹ አያትን ወይም የሞተ ዘመድን ማሰብ ሲፈልጉ መሐል ባለችው ቦታ ይጠቀማሉ። እኛ ያንን በአባትና በአያት ስም ስንሠራው ኖረናል። ሩሲያውያን መሐል ላይ የሚያስገቡት የአባታቸውን ስም ነው። አይስላንድ ውስጥም እስከ ዛሬ አብዛኛው ሰው የሚጠራው በራሱና በአባቱ ስም ነው፤ በዚህ የተነሳ ኋላ ቀሩ ያላቸው የለም።

ተጨማሪ ስም ካማረን ደግሞ ከእኛው ቤት ሞልቷል። ከሐረር ብዙም የማይርቀው ኤጀርሳ ጎሮ ላይ በ1884 የተወለዱት የራስ መኮንን ልጅ ተፈሪ ተባሉ፣ ክርስትና ሲነሱ ኃይለ ሥላሴ ተባሉ፣ በፈረስ ስማቸው ደግሞ አባ ጠቅል ነበሩ። በ1923 ዘውድ ሲጭኑ ዓለም ሁሉ ያወቃቸው በክርስትና ስማቸው ነው። የምኒልክም የክርስትና ስማቸው ሣህለ ማርያም ነበር። ሶማሌ ጎረቤቶቻችን ዘንድ ቅጽል ስም የሌለው ሰው ማግኘት ይከብዳል፤ አንድ ሰፈር ውስጥ ሙሐመድ ስንት ነው? ያለ ቅጽሉ የትኛው እንደተፈለገ በምን ይታወቃል? ኦሮሞው ሙሐመድን ሙሜ ይለዋል። የክርስትና ስም፣ የቤት ስም፣ የቁልምጫ ስም፣ የሰፈር ስም አለን። ልጁን ያሞቁታል፣ ወረቀቱን አያበላሹበትም።

ወደ ሁለተኛው ልለፍ። ስሙ ለፈረንጅ አፍ ይቅለል ማለት እኔን አይገባኝም፤ መጀመሪያ የሚጠራው ጎረቤት አይደለም እንዴ? እዚህ ድሬ ልጅህን ቀኑን ሙሉ የሚጠሩት አማርኛ፣ ኦሮምኛ፣ ሶማሊኛና ሐረሪ አፋቸውን የፈቱበት ሰዎች ናቸው። ሶማሊኛ «ዘ» የለውምና ዘይነብ እነሱ ቤት ስትገባ ሰይነብ ትባላለች። ቅር ያላት ዘይነብ አላየሁም። የሚወድሽ ሰው ስምሽን በራሱ አፍ ሲጠራው ስምሽ አይበላሽም።

ውጭ አገር ለሚለውም ቢሆን ደራርቱ ቱሉ በ1984 ባርሴሎና ላይ ወርቅ ስትወስድ ስሟ ያልለመደው አፍ ሁሉ ለመደው። ጥሩነሽ ዲባባ በ2000 ቤጂንግ ላይ ሁለት ወርቅ ስታጠልቅ ደግሞ የውጭ ተንታኞች አንዴ ስሟን ከጠሩ በኋላ «ዲባባ፣ ዲባባ» ነበር የሚሉት፤ የአባቷን ስም። ነገሩን ልብ በሉት። ልጃችሁ ነገ ውጭ ብትሄድ ቢሮም ሆነ ሐኪም ቤት ብዙ ጊዜ የምትጠራው በመጨረሻው ስሟ ነው፤ ያ ደግሞ አያቷ ናቸው። አያቷ ገብረ እግዚአብሔር ከተባሉ፣ የመጀመሪያ ስሟን ሁለት ፊደል ብታደርጉትም ፈረንጁ ከገብረ እግዚአብሔር ጋር መታገሉ አይቀርም። ይታገል! ይለምደዋል። እኛ የእነሱን ስንቱን ለምደን የለም?

«ያረጀ ስም ልጁን ያሳፍረዋል» የሚል ነገርም እግረ መንገዱን ጣል አድርጓል። ልጅ በስሙ የሚያፍረው ትልቅ ሰው ሲስቅበት ነው። እኔ ክፍል በላይነሽም ዘነበወርቅም ነበሩ፤ አስተማሪ ስሙን በክብር ከጠራው ልጆቹ ይከተላሉ። እንዲያውም ዘመናዊ ነው ተብሎ የሚሰጠው ስም ነው የሚደጋገመው። አንድ ሰሞን ናታን ይበዛል፣ በሚቀጥለው ሶልያና ትበዛለች፣ እኛም ናታን አንድ፣ ናታን ሁለት እያልን በቁጥር እንለያቸዋለን።

አሁን ወደ አያቶች። እዚህ ላይ ነው ጽሑፉ ያናደደኝ።

ጸሐፊው አያቶች ከስም ማውጣት ይራቁ ሲል ምክንያቱ ጭቅጭቅ ነው። እውነት ነው፣ ጭቅጭቅ አለ። የባል እናት አንድ ስም ይዘው ይመጣሉ፣ የሚስት አባት ሌላ ይዘው ይመጣሉ፣ አራሷ ገንፎዋን ሳትጨርስ ክርክሩ ይጀመራል። ግን የልጁን ሙሉ ስም አንድ ጊዜ ቁጭ ብለህ አንብበው። ሦስተኛው ስም የማን ነው? የአያት ነው። ሁለተኛውን ስም፣ የአንተን፣ ማን አወጣው? እነዚያው አያቶች። ከሦስቱ ሁለቱ ውስጥ እጃቸው ያለበትን ሰዎች በቀረው በልጁ ስም አያገባችሁም ማለት በምን ፍርድ ነው?

ደግሞስ ልጁን ማን ነው የሚያሳድገው? እናትና አባት ሥራ ውለው ሲመጡ ልጁ የዋለው ከማን ጋር ነው? ክርስቲያኑ ወንድ ልጁን በ40 ቀኑ ሴቷን በ80 ቀኗ ወስዶ ክርስትና ሲያስነሳ፣ ሙስሊሙ በሰባተኛው ቀን አቂቃ አርዶ ስሙን በዱዓ ሲያጸናው፣ ቤቱ በሰው የሚሞላው ለምግቡ ብቻ አይደለም። ያ ሁሉ ሰው ስሙን ሰምቶ ይሄዳል። ከዚያ በኋላ ያ ልጅ ቀፊራ ገበያ መሐል ቢጠፋ እንኳ «ይሄ የእገሌ ልጅ ነው» ብሎ ስሙን ጠርቶ እጁን ይዞ ቤት የሚያደርሰው ሰው አይጠፋም። ሁለት ሰዎች መኝታ ቤት ዘግተው ከኢንተርኔት የመረጡት ስም ይሄንን በምን ያገኘዋል?

ገንደ ቆሬ የማውቀው አንድ ግቢ አለ። እዚያ የተወለደችውን ልጅ አባቷ ሐያት አላት፤ መዝገብ ላይ ያለችው ሐያት ናት። የእናቷ እናት ግን ክርስቲያን ናቸው፤ እሳቸው ከተወለደችበት ቀን ጀምሮ ወርቄ ነው የሚሏት። ከግድግዳ ወዲያ ያለችው ሶማሌ ጎረቤት ደግሞ፣ እናቷ ሥራ ስትሄድ የምትይዛት እሷ ናት፣ ሆዳን ብላታለች። ከሰዓት በኋላ ፀሐዩ ሲበርድና ሴቶቹ በር ላይ ምንጣፍ አንጥፈው ሲቀመጡ ብትሄዱ ሦስቱንም ትሰማላችሁ። ወርቄ ሲሉ ትሮጣለች። ሆዳን ሲሉ ትሮጣለች። ሐያት ሲላት ብቻ አባቷ ነውና ሊቆጣ ይሆናል ብላ መጀመሪያ ቆም ብላ ታየዋለች። ግራ የገባት ልጅ አትመስልም። በሦስት ሰው ልብ ውስጥ ቦታ እንዳላት የምታውቅ ልጅ ነች። ማንም ከማንም ጋር አልተጣላም፤ ምክንያቱም አባትየው መዝገቡን ያዘ፣ ሌሎቹ በአፍ የሚጠራውን ያዙ። መካከለኛ ስም ይሰጠናል ያልከው ነገር ሁሉ እዚያ ግቢ ውስጥ አለ፣ ያለ ፎርም።

አንድ ነገር ላይ ግን ከጸሐፊው ጋር እቆማለሁ። አራሷ የማትፈልገውን ስም አማት ወይም አማች በግድ ሊጭንባት አይገባም። ዘጠኝ ወር የተሸከመች፣ ያማጠች እሷ ናት። እሷን እያስለቀሱ የወጣ ስም ለእሷ በየቀኑ የሚጠራ ቅያሜ ይሆናል። አያቶች ይጠየቁ፣ ይመካከሩ፣ ስም ያምጡ፤ ያለ እናትየው ፈቃድ ግን ምንም አይጽና። ባል እዚህ ላይ ዝም ብሎ ወለል ወለሉን ማየት የለበትም፤ እናቱን ማነጋገር ያለበት እሱ ነው።

ስለ ካሳ፣ ምትኩና ማስረሻ የተባለውን እንይ። ጸሐፊው እነዚህ ስሞች ልጁን የሞተ ወንድሙ ምትክ ያደርጉታል ይላል። ስሜቱን እረዳለሁ፤ እኔም ሐዘኗ ገና ትኩስ የሆነች እናት ስሙን በጠራች ቁጥር እንባዋ የሚመጣ ከሆነ ሌላ ስም ትፈልግ እላለሁ። ግን ስሙን በጅምላ «ሸክም» ማለት አይገባም። ልጅ ቀብረው ሌላ ልጅ ያቀፉ ሰዎች ያወጡት ስም ነው፤ ምስጋና አለበት። ዐፄ ቴዎድሮስ ከመንገሣቸው በፊት ካሳ ነበሩ፣ ዐፄ ዮሐንስ አራተኛም እንዲሁ ካሳ ነበሩ። ስሙ አንዳቸውንም አላሳነሰም። የማውቀው አንድ ማስረሻ የሚባል የአይሱዙ ሹፌር አለ፤ ለምን እንዲህ እንደተባለ ሲጠየቅ ድምፁ ከፍ ይላል፣ «እናቴን ያሳቅኳት እኔ ነኝ» ይላል። ይሄን ሰው ስምህ ሸክም ነው ብለህ የምትነግረው አንተ ነህ?

ብሔርና ሃይማኖት የማያሳብቅ ስም የሚለው ላይ ቀስ ብዬ ልናገር። ጸሐፊው የፈራው ነገር ከሜዳ የመጣ አይደለም። ባለፉት ዓመታት ሰው በስሙ ተለይቶ ሲሸማቀቅ፣ መንገድ ላይ መታወቂያ ሲያወጣ እጁ ሲንቀጠቀጥ ሰምተናል። ወላጅ ለልጁ ቢሰጋ አይፈረድበትም።

ነገር ግን መደበቁ አይሠራም። ልጅህን ምንም የማያሳይ ስም ብትሰጠው እንኳ የአንተና የአባትህ ስም ተከትሎት ይመጣል። በዚያ ላይ ልጁ ሲያድግ «ለምን ይሄን ስም አወጣህልኝ?» ብሎ መጠየቁ አይቀርም። «እንዳትታወቅ ብዬ» ብለህ ልትመልስለት ነው? ልጅ ከዚህ መልስ የሚማረው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ የዘሩ ወይም የእምነቱ ነገር የሚያሳፍር መሆኑን።

ድሬ ደግሞ ለዚህ ምክር የመጨረሻዋ ቦታ ናት። ከተማዋ ባቡሩ ሲመጣ የተመሠረተች፣ ከየአቅጣጫው የመጣ ሰው የሞላት ናት። እኔ የምይዘው የስም ዝርዝር ላይ ሔኖክ አህመድ የሚል አለ፣ ፋጡማ በቀለ የሚል አለ፣ ጫልቱ ከሳሙኤል ጎን ተቀምጣለች፣ ሮብሌ ከኢዮስያስ ጋር አንድ ደብተር ይጋራል። የመጀመሪያ ስሙ የአንዱ ወገን፣ የአባቱ ስም የሌላው ወገን የሆነ ልጅ እዚህ ብርቅ አይደለም። ልጆቹ ስም ሲጠራ ለማን ቤት ዒድ እንደሚሄዱ፣ ለማን ቤት ጥምቀት እንደሚሄዱ ያውቃሉ፤ ስሙ ያስፈለጋቸው ለዚህ ነው። ሁለቱንም ወገን የሚያግባባ ስም የሚፈልጉ ጥንዶች አሉ፤ ሐና፣ ሳራ፣ አዳም፣ ሰላም፣ ሐያት። ደስ ይላል። ዮሴፍና ዩሱፍ፣ ሙሴና ሙሳ፣ አብርሃምና ኢብራሂም ከአንድ ምንጭ ናቸው። ግን ስለወደዳችሁት ምረጡት። ፈርታችሁ አትምረጡት። አዲሱ የፋይዳ መታወቂያ ላይ ብሔር አይጻፍም፤ መሆን ያለበትም እንዲህ ነው። ወረቀቱ ላይ ያለውን መለያ ማንሳት የመንግሥት ሥራ ነው። የሕፃን ስም አሳስቶ ማውጣት ግን መፍትሔ አይሆንም።

ከመውለዳችሁ በፊት ጨርሱ ለሚለው ብዙ የምለው የለኝም። አስቡበት፣ ተወያዩ፣ ግን ፊቷን ሳታዩ አትማሉ። ዋናው ነገር ሌላ ነው፤ ጽሑፉ ጭራሽ አላነሳውም። በአዋጅ ቁጥር 760/2004 መሠረት ልደት መመዝገብ ያለበት በ90 ቀን ውስጥ ነው። ሴት ልጅ ክርስትና የምትነሳው በ80 ቀኗ ስለሆነ ድግሱን ጨርሰን እንሄዳለን ያላችሁ ቤተሰቦች የሚተርፋችሁ ዐሥር ቀን ነው። ስለዚህ የዓለም ስሟን ቀድማችሁ አስመዝግቡ፤ የክርስትና ስሟን ቀበሌው አይጠይቃችሁም።

ስታስመዘግቡ ደግሞ ፊደሉን ተጠንቀቁ። ሙሐመድ፣ መሐመድ፣ ሙሀመድ፣ መሀመድ፤ ለእኛ ጆሮ አንድ ሰው ነው፣ ለኮምፒውተሩ አራት ሰው ነው። በላቲን ፊደል ሲጻፍማ ከዚያም ይበዛል። አባትየው መታወቂያውን ይዞ ይሂድ፤ ስሙ እዚያ ላይ በተጻፈበት ፊደል፣ ሳይጨመር ሳይቀነስ፣ በልጁ ወረቀት ላይ ይጻፍ። የአያቱም እንደዚሁ። መዝጋቢው ጽፎ ሲጨርስ ወረቀቱ ከመታተሙ በፊት ስክሪኑን አዙሩልኝ በሉት፣ ሦስቱንም ስም ጮክ ብላችሁ አንብቡ፣ የእናትንም ስም አብራችሁ እዩ። ያኔ ማረም የአንድ ደቂቃ ሥራ ነው።